ከ46 ዓመት በኋላ የማታ ነርሲንግ ትምህርት፦ የአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግምገማ

በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠውን የማታና የቅዳሜና እሑድ የነርሲንግ ፕሮግራም በሜይ 2025 አጠናቅቄ፣ በጁላይ የፈቃድ ፈተናውን አልፌ፣ አሁን በአንድ ሆስፒታል በሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ትምህርቱን ስጀምር 46 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ሒሳብ ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ቡና ቤት ድረስ ያገኘኝ ወገን ሁሉ «በኛ ዕድሜ ይቻላል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከመመለስ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ። ከማነሣቸው ቅሬታዎች ጥቂቶቹ እስካሁን በቦታቸው ያሉ ሠራተኞችን ስለሚነኩ የኮሌጁን ስም አልጠቅስም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አራቱን ያገኘው በማስተማሩ ነው፤ አንዱን ያጣው በቢሮው ነው።

ፕሮግራሙ የሚሰጠው በተለምዶ የሁለት ዓመት የሚባለውን አሶሺዬት ዲግሪ ሲሆን፣ ያንን የጨረሰ ሰው የአራት ዓመት ዲግሪ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና ተፈትኖ አር.ኤን (የተመዘገበ ነርስ) ይባላል። «ሁለት ዓመት» የሚለው ቃል ግን ሰውን ያሳስታል። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የማይቆጠሩ ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች አሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂና ስታቲስቲክስ ተወስደው፣ ከዚያም ቲስ የሚባለው የመግቢያ ፈተና ታልፎ ነው ማመልከት የሚቻለው። ቲስ በንባብ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተከፈለ ነው፤ እኛን የሚጥለን አብዛኛውን ጊዜ ሳይንሱ ሳይሆን የንባቡ ሰዓት ነው። የማታው ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ትምህርት ሲኖረው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚደረገው ልምምድ፣ ክሊኒካል የሚሉት፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ማለፊያው 75 ከመቶ ሲሆን 74.9 ወደ ላይ አይጠጋም። በዚህ ጉዳይ ላይ ለምኖ የተሳካለት ሰው አላየሁም፤ ለምኖ ያፈረ ግን አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ ቢሮውን ላንሣ፤ ማንም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን በውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሜ ስቀርብ፣ የተማሪዎች አማካሪው ወረቀቱን ገልጦ አየና «ስታቲስቲክስ ወስደሃል፤ አይጠየቅም» አለኝ። እኔም አመንሁት። ዓመቱን ሙሉ የቀሩትን ኮርሶች ጨርሼ ለጃንዋሪ 2022 መግቢያ ሳመለክት፣ የቅበላ ክፍሉ ስታቲስቲክሱን እንደማይቀበል የሚገልጽ አጭር ኢሜይል ላከልኝ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። እኔ ያስገመገምሁት ዲግሪው እዚህ አገር ከየትኛው ዲግሪ ጋር እንደሚመጣጠን ብቻ የሚገልጸውን ርካሹን ዓይነት ሲሆን፣ ኮሌጁ የሚፈልገው ግን እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝረውን፣ ኮርስ በኮርስ የሚባለውን ነው። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት የአንድ ቀን ደመወዝ አይሞላም። የማታው ክፍል ተማሪ የሚቀበለው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ስሕተት አንድ ዓመት በላብኝ፤ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሊፈጅ የሚችለው ጉዞ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። አቤቱታ ጻፍሁ፤ የተሰጠኝ መልስ የአማካሪዎች ቃል ኮሌጁን እንደማያስገድደው በማመልከቻው ቅጽ ግርጌ መጻፉን የሚያሳስብ ነበር። እውነትም ተጽፏል፤ ፊደሉ ያለ መነጽር አይነበብም። ስለዚህ አማካሪ የነገራችሁን ሁሉ በኢሜይል እንዲደግምላችሁ ጠይቁ፤ ማስረጃችሁንም ከመጀመሪያው ኮርስ በኮርስ አስገምግሙ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ለፕሮግራሙ አራት ኮከብ ያስገኘለት በዋናነት የተግባር መለማመጃ ላቦራቶሪው ነው። እንደ ሆስፒታል ክፍል ስምንት አልጋ ተዘርግቶበት፣ በአልጋዎቹ ላይ የፕላስቲክ ሰዎች ተኝተውበታል፤ አንደኛው ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል፣ መምህሯ ከመስታወት ጀርባ ሆነው በማይክሮፎን ሲናገሩ «ደረቴን ያመኛል» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማንም ተማሪ መጥቶ እንዲለማመድ ክፍት ሲሆን፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ተቀምጠው ያርማሉ። በቀኑ ክፍል ያሉ ወጣቶች ብዙም አይጠቀሙበትም። እኛ የማታዎቹ ግን፣ ክሊኒካላችን እሑድ በዋለበት ሴሚስተር፣ ቤታችን አድርገነው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የደም ግፊትን በእጅ መለካት ተማርን። የማሽን ቁጥር ማንበብ ለለመደ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ጨርቁን በክንድ ላይ ጠቅልሎ አየር መሙላት፣ ከዚያ አየሩን በዝግታ እየለቀቁ በስቴቶስኮፕ ማድመጥ፣ የመጀመሪያው ምት የተሰማበትን የላይኛው፣ ድምፁ የጠፋበትን የታችኛው ብሎ መመዝገብ ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ክንዷን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ «120 በ80» አልሁ። መምህሯ ምንም ሳይናገሩ ከመሳቢያቸው አንድ ራስና ሁለት ጥንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ስቴቶስኮፕ አወጡ፤ አንዱን ጥንድ ለኔ ሰጥተው ሌላውን ራሳቸው ጆሮ ላይ ሰክተው እንደገና አስለኩኝ። አሁን የግዴን አደመጥሁ፤ ከሩቅ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ያለ ቀጭን ድምፅ 104 ላይ ጀምሮ 66 ላይ ጠፋ። ጽፌ ሳሳያቸው የእርሳቸውም ያው ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ «አልሰማሁም» ማለት ነጥብ እንደማያስቀንስ፣ ያልሰሙትን ቁጥር መጻፍ ግን ከፕሮግራሙ እንደሚያስወጣ በቀስታ ነገሩኝ። ለአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ በልጆቹ እኩያ ፊት «አልሰማሁም» ማለት ከአናቶሚ የከበደ ነገር ነው። ይሉኝታችንን ይዘን ነው ትምህርት ቤት የምንገባው። ፕሮግራሙን የምወድለት ዋናው ነገር ይህንን በሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ በስቴቶስኮፕ፣ ሳያዋርድ ማውጣቱ ነው።

የመድኃኒት ስሌት የሚባለው ፈተና በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይሰጣል፤ 90 ከመቶ ያላመጣ ሰው ታካሚ ጋር አይቀርብም። ሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁና እዚህ እንኳ አልቸገርም ብዬ ነበር። ስሌቱ በእርግጥ አያስቸግርም፤ 25,000 ዩኒት ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ካለና ታካሚው በሰዓት 1,200 ዩኒት ከታዘዘለት፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ ፓምፑ በሰዓት 12 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ይስተካከላል። እኔን የጣለኝ አጻጻፉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብር ከሳንቲም የጻፈ እጅ 12 ብሎ አይቆምም፤ 12.00 ይላል። በነርሲንግ ግን ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ነጥቧ ሳትታይ ብትቀር አምስት የነበረው አምስት መቶ ይሆናልና። በተቃራኒው ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር ከፊቱ ዜሮ ሊኖረው ግድ ነው፤ 0.5 እንጂ .5 አይጻፍም። ስሌቴ ሁሉ ትክክል ሆኖ በመጀመሪያው ሙከራ 84 አመጣሁ። ባለቤቴ በነርሲንግ ሆም ጂ.ኤን.ኤ (የአረጋውያን ነርሲንግ ረዳት) ሆና ስምንት ዓመት የሠራች ናት፤ ወረቀቴን አይታ «አንተ ባንክህን አልለቀቅህማ» ብላ ሳቀችብኝ።

የጽሑፍ ፈተናዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። እኛ ያደግነው ያነበቡትን መልሶ በሚያስጽፍ ትምህርት ውስጥ ነው። እዚህ ግን አራቱም ምርጫዎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥያቄው «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ወይም «መጀመሪያ ማንን ታያለህ?» የሚል ነው። በአንደኛው ሴሚስተር ያጋጠመኝን ዓይነት ላሳያችሁ። እግሩ ተሰብሮ ሕመሙ ከአሥር ስምንት ነው ብሎ የሚያለቅስ ሰው አለ። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ኖሮበት የኦክስጅን መጠኑ 90 የሆነ ሰው አለ። ወደ ቤቷ ለመሄድ ወረቀቷን የምትጠብቅ ሴት አለች። በዋዜማው የአንገት ዕንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላትና አሁን አየር ስትስብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ማሰማት የጀመረች ሴት አለች። እኔ የሚያለቅሰውን መረጥሁ፤ በኛ አገር ሰው ወደሚያለቅስ ነው የሚሮጠው። መልሱ ግን የመጨረሻዋ ናት። የሚያለቅስ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ለሳንባ በሽተኛው 90 የሚጠበቅ ቁጥር ነው፤ የእርሷ የአየር መንገድ ግን እየተዘጋ ነው። ሌላው ልማዳችን «ሐኪም እጠራለሁ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ለሐኪም ያለን ክብር ከመልሱ ዝርዝር ውስጥ ዘልሎ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ ነርሱ አስቀድሞ ራሱ ማየትና መመርመር አለበት፣ ያለዚያ ሐኪሙን ጠርቶ የሚነግረው ነገር የለውም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከታካሚ ጋር ስለሚደረግ ንግግር የሚጠይቀው ክፍል ነው። ነገ ጡቷ የሚወጣላት ሴት «ፈርቻለሁ» ስትል ነርሱ ምን ይላል? ከምርጫዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ «አይዞሽ፣ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል» ነበር። ያለ ማመንታት አጠቆርሁት። ተሳስቼ ነበር። ነርሱ የማያውቀውን ተስፋ መስጠት የለበትም፤ ያንን ሲል የታካሚዋን አፍ ይዘጋል፣ የፈራችውንም ሳትናገር ትቀራለች። ትክክለኛው «ምኑ እንዳስፈራሽ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» የሚለው ነው። ከክፍሉ ስንወጣ አብራኝ የምትማር አንዲት እኅታችን፣ አራት ልጆች ያሳደገች ሴት፣ «እንግዲህ አይዞሽ ማለትም ወንጀል ሆነ?» ብላ በእውነት ተቆጥታ ነበር። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል አብሬያት ተቆጣሁ። ለመምህሯ ስናነሣባቸው፣ አይዞህ ብሎ ከአጠገቡ መቀመጥና አይዞህ ብሎ ከክፍሉ መውጣት አንድ እንዳልሆኑ፣ ፈተናው የሚያስበው ሁለተኛውን እንደሆነ አስረዱን። ጥሩ መልስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያረካኝ ግን አልነበረም። አሁንም የኛን አገር ሰው ሳገኝ አይዞዎት እላለሁ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ክሊኒካሉ በአጠቃላይ ጥሩ ነው፤ ለአንድ መምህር ስምንት ተማሪ ብቻ ስለሚመደብ ማንም ጥግ ይዞ አይውልም። በሦስተኛው ሴሚስተር፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ ስኳር ያለባቸው አንዲት አሮጊት እናት ደረሱኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርሳቸው እንቁላልና ወተት ሆኖ መጣ፣ ከምግብ ጋር የሚሰጠው ፈጣን ኢንሱሊንም በሠንጠረዡ ላይ ሰዓቱ ተቃርቧል። «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ስላቸው ዓይናቸው በራ፤ ከየት እንደሆንሁ፣ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ትሪውን በእጃቸው ገፋ አድርገው «ይሄን ውሰድልኝ ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም» አሉኝ። ትናንትና ምሳቸውንም ጭምር በፌስታል ጠቅልለው ለልጃቸው ሰጥተው ኖሯል፤ መዝገቡ ላይ ግን «በላች» ተብሎ ተጽፏል። ፈጣን ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ካልተከተለው ስኳሩ ወርዶ ሰው ራሱን ይስታል። ለነርሷና ለመምህሯ ነገርሁ፤ ኢንሱሊኑ ሳይሰጥ እንዲቆይ ተደረገ፣ ሐኪሙ ተጠየቀ፣ በቪዲዮ የሚሠራ የሕክምና አስተርጓሚ መጥቶ ከእማማ ጋር ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ረጅም ንግግር ተደረገ። በቀኑ መጨረሻ መምህሯ በማስታወሻቸው ላይ ሁለት ነገር ጽፈውልኝ አገኘሁ። አንደኛው ምስጋና ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አስተርጓሚው እስኪገናኝ ድረስ ነርሷ ለእማማ ስለ መድኃኒቱ የተናገረችውን ጥቂት ዓረፍተ ነገር መተርጎሜን የሚወቅስ ነበር፤ ተማሪ የሕክምና ጉዳይ አይተረጉምም፣ ቋንቋ ማወቅና ብቁ አስተርጓሚ መሆን የተለያዩ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ መጻፋቸው ተገቢ መስሎ ይሰማኛል።

የክሊኒካሉ አስከፊ ገጽታ ምደባው ነው። ቦታና ቀኑ የሚታወቀው ሴሚስተሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሲሆን፣ እርሱም ይለወጣል። በአራተኛው ሴሚስተር ከቤቴ ሃያ ደቂቃ የሚርቅ ሆስፒታል ቅዳሜ ተመድቦልኝ፣ ጋራዡ ውስጥ ሺፍቴን ከሰው ጋር ተለዋውጬ ከጨረስሁ በኋላ፣ ወደ ባልቲሞር አቅጣጫ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ፣ ያውም እሑድ፣ ተዛወርሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ በር ላይ መገኘት ግዴታ ነው። ከዚያ ሴሚስተር በኋላ የሙሉ ጊዜ ሥራዬን ወደ ግማሽ ጊዜ አወረድሁ። በመረጃ ስብሰባው ላይ «ከሥራ ጋር አብሮ ይሄዳል» የሚሉትን በዚህ መጠን ተረዱት፤ ከሥራ ጋር አብሮ የሚሄደው ሥራው ከእርሱ ጋር ለመሄድ ሲፈቅድ ነው።

መቅረት የሚፈቀደው በሴሚስተር አንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛው ኮርሱን ያስጥላል። ይህ ለኛ ማኅበረሰብ ምን ማለት እንደሆነ ከመመዝገብ በፊት ቤተሰብ ተሰብስቦ ቢነጋገርበት ጥሩ ነው። የጋራዥ ባልደረባዬ፣ አብሮኝ ከዲቪ ጀምሮ የኖረ ሰው፣ ያረፈ ቀን ቀብሩ ቅዳሜ ዋለ። ለኮሌጁ «ወንድሜ ሞቶብኛል» ብዬ ጻፍሁ፤ ቅጹ የዝምድናውን ዓይነት ሲጠይቅና የአባት ስም ሲነጻጸር ወንድም አለመሆኑ ታወቀ፣ ቀሪነቱም እንደ ተራ መቅረት ተቆጠረ። መዋሸቴ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ወንድም ነው። ያቺን አንድ ቀን በማርች ስለተጠቀምሁባት፣ በኤፕሪል ትኩሳት ይዞኝ ሳለ እንኳ ወደ ቤት የመለሰኝ የሆስፒታሉ በር ላይ ያለው የጤና መጠይቅ ነው፤ ያንን የሆስፒታሉ እገዳ ስለሆነ በሌላ ቀን እንዳካክስ ፈቀዱልኝ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር ሁሉ ለሁለት ዓመት ተኩል የባለቤቴ ኃላፊነት ሆነ።

ለፈቃድ ፈተናው፣ ኤንክሌክስ ለሚባለው፣ የሚሰጡት ዝግጅት ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ፈተናው በኤፕሪል 2023 ተለውጦ፣ የአንድን ታካሚ ታሪክ ከመዝገቡ እየገለጡ ስድስት ስድስት ጥያቄ የሚመልሱባቸው ክፍሎች ገብተውበታል፤ እኛ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ስለነበርን መምህራኑ የየኮርሱን ፈተና ከዚያ ጋር አስማምተው ቀየሩት። ፈተናው በኮምፒውተር ሲሆን፣ በትክክል በመለሱ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ሰዓቱ አምስት ነው፤ ክፍያው 200 ዶላር ሲሆን የወደቀ ሰው ቢያንስ 45 ቀን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ሲሆን ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። እኔ ላይ በ91ኛው ጥያቄ ላይ ሲዘጋ፣ የወደቅሁ መስሎኝ መኪናዬ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቁልፉን ሳልነካ ተቀምጬ ነበር። ስንጀምር ሠላሳ ሁለት ነበርን፤ በአምስተኛው ሴሚስተር መጨረሻ የቀረነው ሃያ አንድ ስንሆን፣ ካቋረጡት ውስጥ አብዛኞቹ ከትምህርቱ ይልቅ ሰዓቱ ያሸነፋቸው ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የነበርነው አምስት ነን፤ አራታችን ጨርሰናል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ፔል ግራንት የሚባለው፣ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰውና የማይመለሰው የመንግሥት እርዳታ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከኢትዮጵያ ቢሆንም። ብዙዎቻችን «እዚህ አገር ስለማይሠራልኝ ዲግሪ የለኝም» ብለን ቅጹን እንሞላለን፤ ያ ሐሰተኛ ማስረጃ መስጠት ነው፣ ማስረጃችሁን ለክሬዲት ባስገባችሁ ዕለትም ይታወቃል። ዲግሪ ላለው ሰው የሚቀረው የፌዴራል ብድር፣ የኮሌጁ ስኮላርሺፕና የአሠሪ ድጋፍ ነው። በትምህርቱ ክፍያ በኩል ግን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በራሱ ካውንቲ ለሚኖር ሰው ከአብዛኞቹ አማራጮች ይረክሳል። በሌላ ሙያ ዲግሪ ላላቸው በአንድ ዓመት ከምናምን የሚያስጨርሱ የተፋጠኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው፣ እየተማሩ ሥራ መሥራትም አይታሰብም።

ከዚህ ያነሰ ጊዜ የሚያስፈልጋቸው እንደሆነ የሚያስተዋውቁ ቦታዎች ካጋጠሟችሁ፣ በግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቁ መሆናቸውን ከቦርዱ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ተመልከቱ። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መርማሪዎች በፍሎሪዳ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጣቸውን ይፋ አድርገዋል፤ ከገዙት መካከል ፈተናውን አልፈው ሥራ የያዙ ነበሩ፣ ፈቃዳቸውን የተነጠቁም አሉ። «ክፍል ሳትገባ አር.ኤን ትሆናለህ» የሚል ሰው በዚያን ጊዜ እኔንም በስልክ አግኝቶኝ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ፕሮግራም ለማን እመክራለሁ? የትዳር ጓደኛው የሚያግዘው ወይም ልጆቹ ከፍ ከፍ ያሉለት፣ ሥራው ሺፍት ለመለዋወጥ የሚፈቅድ፣ በሁለት ዓመት ሳይሆን በአራት ዓመት የሚያስብ ሰው ያለ ስጋት ይግባበት። አስቀድሞ ሲ.ኤን.ኤ (የነርስ ረዳት) ሆኖ የሠራ ሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ከኔ በጣም ይቀድማል፤ ታካሚ ማገላበጥና ማጠብ ለእርሱ አዲስ አይደለም። ሕፃን ልጅ ይዞ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን፣ በዚህ ዓይነት የክሊኒካል ምደባ፣ አልመክርም፤ አስቀድሞ በአንድ ዓመት ገደማ የሚያልቀውን፣ ከአር.ኤን ዝቅ ያለ የነርስነት ፈቃድ የሚያስገኘውን ኤል.ፒ.ኤን ይዞ ደመወዙ ሲሻሻል ቢመለስ ይሻለዋል።

ዕቃን በተመለከተ፣ የኮሌጁ መደብር ሲመዘገቡ በአንድ ቦርሳ አሽጎ የሚሸጠው ስብስብ አለ። ስክራቡን፣ የነርስ የሥራ ልብሱን፣ ከዚያ መግዛት ግዴታ ነው፣ ቀለሙና አርማው የተወሰነ ነውና። ስቴቶስኮፑ ግን ቱቦው ወፍራምና ድምፁ የታፈነ ስለሆነ ተዉት፤ በተመሳሳይ ዋጋ ውጭ የተሻለ ይገኛል። የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሴኮንድ የምትቆጥር ቀይ ዘንግ ያላትን፣ ቁጥሮቿም ያለ መነጽር የሚታዩትን ይምረጥ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ።